ስለ ላቲን ትምህርትና ስለ መምህር ውለታ

ጎንደር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር በነበርሁበት ዘመን፣ ላቲን መማሬን የሰሙ ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር። «መምህር፣ ላቲን የሚናገር አገር የት አለ?» ይሉኛል። የትም የለም እላቸዋለሁ። «ታዲያ ምን ይረባል?» ይላሉ። እኔም ግዕዝ የሚናገር አገር የት አለ ብዬ መልሼ እጠይቃቸውና ነገሩ በጨዋታ ያልፋል። ዛሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ ለዚያ ጥያቄ የሚገባውን መልስ እንዳልሰጠኋቸው ይሰማኛል። መልሱ ረዘም ያለ ነው፤ ደግሞም እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ሳልናገረው የቆየሁትም ምናልባት ስለዚህ ይሆናል።

ላቲን የጀመርሁት በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር ካህን ነበሩ። የቀኑ ትምህርት ካለቀ በኋላ ፈቃደኞች የሆንን አራት ልጆችን በአንድ ክፍል ሰብስበው፣ ኩራዝ አብርተው ያስተምሩን ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት የስም ጅራት መለዋወጥ ነው። ሮዛ ማለት ጽጌረዳ ናት፤ ጽጌረዳን ቈረጥሁ ለማለት ሲፈለግ ግን ሮዛም ይባላል። ሥራውን የሚሠራውና ሥራው የሚደርስበት በቃሉ መጨረሻ ስለሚለዩ፣ ባለቅኔው ቃላቱን እንደ ወደደ ቢያዘዋውራቸው ትርጉሙ አይጠፋም። ይህ ነገር ሦስቱን ጓደኞቼን ግራ ሲያጋባቸው ለኔ እንግዳ አልሆነብኝም። በግዕዝም «ቤት» የሚለው ቃል «ቤትን» ለማለት «ቤተ» እንዲሆን ከእናቴ ወንድም ደጅ ስጫወት በጆሮዬ ገብቶ ነበርና። ካህኑ ግን ፈጣን ልጅ ነህ ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልሁ።

የትርጉም ትምህርታችን እንዲህ ነበር። ከላቲን አንድ ገጽ ወደ አማርኛ እንመልሳለን። በሳምንቱ ካህኑ መጽሐፉን ይወስዱብንና የገዛ አማርኛችንን ሰጥተው «ወደ ላቲን መልሱት» ይሉናል። ከዚያ በኋላ ዋናው መጽሐፍ ይገለጥና ሁለቱን እናስተያያለን። ያን ጊዜ ያፈሰስነው ሁሉ ይታያል። ከሲሴሮ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሰጡን እንደ ሆነ፣ «የሲሴሮ ጭነት ግማሹ ከአህያችሁ ላይ ወድቋል፤ ተመለሱና ልቀሙ» ይሉን ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቱ ጓደኞቼ ቀሩ። እኔ ብቻ እስከ ቨርጂል ደረስሁ።

በኋላ ብቻዬን ሳነብ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ፤ የላቲን ሥነ ጽሑፍ ራሱ የተጀመረው በትርጉም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ሊቪየስ አንድሮኒከስ የሚባል፣ በትውልዱ የግሪክ ሰው የሆነ መምህር፣ የሆሜርን ኦዲሴይ ወደ ላቲን መለሰው። የሮማ ልጆች ለብዙ ዘመን በዚያ ትርጉም ተማሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቨርጂል በሆሜር ፈለግ ሄዶ የራሱን ታላቅ ግጥም ጻፈ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ሲሞትም ሥራው ገና አላለቀለትም ነበር። የኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ባይመለስ ኖሮ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ ያስቸግራል። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ «መተርጉም» ብላ ትጠራቸዋለች።

አሁን ወደ እናቴ ወንድም ልመለስ። እርሳቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት ይገኛል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ወደ ላይ ሲወጡ፣ ገብስ እንጂ ጤፍ በማይበቅልበት ብርዳም አገር፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። እኛም ዘመዶቻቸው እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እንላቸዋለን። ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ቁራሽ ለምነው የሚኖሩ ናቸው። ቀን ቀን ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ቅኔ ይቈጥራሉ፤ ማታ ከየኔታ ፊት ቀርበው ይነግራሉ፤ የኔታም የተሰበረውን ይጠግናሉ። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚወጣው በዚህ ዓይነት ነው። ደብተር የሚባል ነገር የለም። እኔ በክረምት ዕረፍት ጫማ አድርጌ፣ የላቲን ሰዋስው በብብቴ ይዤ ስመጣ እነዚያን ልጆች ከንፈሬን እየመጠጥሁ አያቸው ነበር። ማዘን መስሎኝ ነበር እንጂ መናቅ መሆኑን አላወቅሁም።

አንድ ክረምት የኔታ መጽሐፌን አይተው ምንድን ነው አሉኝ። ላቲን ነው አልኋቸው። ፊታቸው ጠቈረ። «ያ በሱስንዮስ ዘመን የመጣው?» አሉ።

ለወጣቱ አንባቢ ይህን ማስረዳት ይገባኛል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን መነኵሴ እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ አገራችን ገባ፤ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ በደንቢያ በጣና ዳር ጎርጎራ ላይም ሕንፃ አሠራ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ። ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1626 ሕዝቡ ሁሉ እንዲቀበል ታዘዘ። አገሩ እምቢ አለና እርስ በርሱ ተላለቀ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲልም ኢየሱሳውያንን አስወጥቶ ጎንደርን ቈረቈረ። በጎርጎራ የማርያም ግምብ ፍርስራሽ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። እንግዲህ በኛ አገር ሽማግሌ ጆሮ ላቲን ማለት የሮዛ ጅራት አይደለም፤ ደም ነው። በሚሲዮን ቤት ዘጠኝ ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መጽሐፉ ከሃይማኖት ክርክር ጋር የማይገናኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ የቨርጂል ግጥም መሆኑን ስነግራቸው የኔታ ጥቂት በረዱ።

«ቅኔ አለው በለኛ» አሉ።

«አለው» አልሁ።

«ዜማስ?»

ረጅምና አጭር ድምፅ እየተፈራረቀ ቤቱን እንደሚመታ ላስረዳቸው ሞከርሁ።

«እስቲ በለኝ።»

መጽሐፉን ልገልጥ ስል እጄን ያዙኝ። «መጽሐፉንማ አየሁት፤ አንተን ነው የጠየቅሁህ» አሉ። በቃሌ ሦስት ስንኝ ብዬ ቆምሁ። ቀና ብዬ ሳይ ከበስተ ኋላ የተቀመጡት ደበሎ ለባሾች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ይስቁብኝ ይሁን ያዝኑልኝ እንጃ። የኔታ ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ዛሬ የሚናገረው ማን ነው?» አሉ። ማንም የለም አልሁ። «እንግዲያው የግዕዝ ዘመድ ነው» ብለው ሣቁ፤ ከዚያ በኋላ ላቲኔን አልጠሉብኝም።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቋንቋ ሳጠና ላቲን የትም የማይገባ ትርፍ ዕቃ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን በግዕዝ ጽሑፍ ትርጉም ላይ ለመሥራት በተነሣሁ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ብጠይቅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጡልኝ፤ የአውግስት ዲልማን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው፤ የታተመው ላይፕዚግ፣ እ.ኤ.አ. በ1865። ገለጥሁት። ግዕዙ በገዛ ፊደላችን ተጽፏል፤ ፍቹ ግን ከዳር እስከ ዳር ላቲን ነው።

የዚህ መጽሐፍ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከ1,500 በላይ በሆነው ዓምዱ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው መጽሐፍ በየትኛው ስፍራ እንደሚገኝ ተመልክቷል። ዲልማን ግን የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም። ታዲያ ከየት አገኘው ቢባል፣ ወደ አውሮፓ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ1770 ጀምሮ ጎንደር ተቀምጦ መጽሐፈ ሄኖክንና ሌሎችንም መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከነዚህ ብዙዎቹ ወደ ኦክስፎርድ ገቡ። ዲልማን በወጣትነቱ የኦክስፎርድን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1851ም የግዕዙን ሄኖክ አሳተመ። ከጎንደር በበቅሎ የወጣው ቃል እንዲህ ላቲን ለብሶ፣ በሳጥን ታሽጎ፣ ስድስት ኪሎ ተመለሰ። የጎንደር ልጅ ሆኜ የአገሬን ቃል በሮማውያን ቋንቋ ስፈልግ ደስታና ኀፍረት ተቀላቅለው ይሰሙኝ ነበር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ነበርና እርሱም ከአጠገቤ አልተለየም። ፍቹን በአማርኛ ስለሚሰጥ ለኛ እጅግ ቅርብ ነው። ቃሉ በጥንት ጽሑፍ የት የት እንደ ገባ ለመከታተል ግን ዲልማንን መግለጥ የግድ ነበር። የሌስላው ግዕዝን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ፤ እኔ ግን ሥራዬን የጨረስሁት እርሱ በእጄ ሳይገባ ነው።

ጓደኞቼ ከላቲኑ አጥር ውጭ ሲቀሩ እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

የምተረጕመው የአንድ መነኵሴ ገድል ነበር። በአንድ ስፍራ ጻድቁ ሌሊቱን ሁሉ «ሐለየ» ይላል። ቃሉ የተጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። በሐመሩ ሐ ሲሆን መዘመር ማለት ነው፤ ዲልማንም በላቲን እንዲሁ ይፈታዋል። እኔም ሌሊቱን ሁሉ ዘመረ ብዬ ተረጐምሁ። በዚህም አልቆምሁ፤ በዚያ ገዳም ስለ ነበረው የሌሊት ዝማሬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍሁበት። ከጥቂት መስመር በኋላ ይኸው ግስ «ይሔሊ» ሆኖ ይመጣል። አይቼዋለሁ። ጸሐፊው ተሳስቷል ብዬ አለፍሁት፤ ምዕራፌን ላፈርሰው አልወደድሁም ነበርና።

በዕረፍት ወደ አገር ቤት ሄጄ ለየኔታ ሥራዬን አነበብሁላቸው። የዓይናቸው ብርሃን ደክሞ ነበር፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። እዚያ ስፍራ ስደርስ አስቆሙኝ። «ድገመው» አሉ። ደገምሁት። «ይሔሊ ይላል ወይስ የሐሊ?» አሉ። ይሔሊ ይላል አልሁ። «ታዲያ ማን ዘመረ? ቤቱ ቀደሰ ነው እኮ!» አሉ።

ለማያውቀው እንዲህ ነው። የግዕዝ ሊቃውንት ግሶችን በአለቃ በአለቃ ይመድቧቸዋል፤ ቀተለ አንዱ አለቃ ነው፤ ቀደሰ ሌላው ነው። መዘመር የሚለው ሐለየ በቀተለ ቤት ይገባልና ሲረባ «የሐሊ» ይላል። በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው ኀለየ ደግሞ ማሰብ ማለት ነው፤ ቤቱ ቀደሰ ስለ ሆነ፣ ቀደሰ ይቄድስ እንደሚል፣ እርሱም «ይኄሊ» ይላል። ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በዛሬው አነጋገራችን አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ፊደሉን ሳተ። ድምፁን ግን ሊስት አልቻለም፤ በጆሮው ያደገ ነውና። ጻድቁ ሌሊቱን ሁሉ ሲያስብ ነው ያደረው፤ አልዘመረም። የገዳሙ ወንድሞችም ተኝተው ነበር፤ ይህም እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው «ፊደል ቢያጣላ ድምፅ ያስታርቃል» አሉ፤ ከመምህራቸው የሰሙት መሆኑንም ነገሩኝ።

ምዕራፌን ቀድጄ በአዲስ ጻፍሁት። እንዲህ ያሉ ስፍራዎችን በዚያው መንገድ እየመረመርሁ ሌሎች አራት አገኘሁ። ሥራዬ የተመሰገነው በዚህ ነው። ሥራዬን በመምህራን ፊት በማቀርብበት ቀን ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ «ፊደልን በእርባታ የመፈተኑን መንገድ ከየት አገኘኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የኔታ፣ ደበሎ ለባሾቹ፣ ጭስ ያጠቈረው ጎጆ በዓይኔ መጣ። ሱፍ ለብሼ፣ በከበሬታ ተከብቤ ቆሜአለሁ። «ከዲልማን ነው» አልሁ።

ያ ብቻ ቢሆን በደነገጠ አፍ የወጣ ቃል ነው ይባል ነበር። ነገር ግን መርማሪው ስፍራውን በግርጌ ማስታወሻ አመልክት አለኝ። ማታ ተቀምጬ የየኔታን ቃል ወደ ላቲን መለስሁት። ሽማግሌው ካህን እንዳስተማሩኝ ጅራቱን ከጅራቱ አጋጥሜ፣ ቃላቱን አዘዋውሬ፣ አሳምሬ መለስሁት፤ ከሥሩም የዲልማንን ስም ጻፍሁ። በዕድሜዬ ከጻፍሁት ላቲን ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። የኔታ ግን በሥራዬ ውስጥ በምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ አልገቡም።

ከዚያ በኋላ የእዮብ ሉዶልፍን መጻሕፍት አነበብሁ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1624 በጀርመን አገር ኤርፉርት የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ ላይ የአማራ መካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ጎታ ድረስ ሄደው ወራት ተቀመጡና ግዕዙን፣ አማርኛውን፣ የአገሩን ሥርዓትና ታሪክ አስረዱት። በ1658 መርከብ ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ በላቲን የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ የወጣው በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱም የወጡት በ1698 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት አልፏል። ሙት አይከራከርም፤ ሉዶልፍ ሁሉን በራሱ ስም ቢያደርገው የሚያውቅበት አልነበረም። እርሱ ግን ይህን ከጎርጎርዮስ ሰማሁ እያለ ይጽፋል፤ በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያ ውስጥም የአባ ጎርጎርዮስን መልክ በመዳብ አስቀርጾ አወጣው። ገጹን ገልጬ ጢማቸውን፣ ጥምጥማቸውን፣ ዓይናቸውን ሳይ መጽሐፉን ከደንሁት። የእኅት ልጅ ያላደረገውን ባዕድ አድርጎታል።

ቅዱስ ሄሮኒሞስም ትዝ አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው እርሱ በቤተልሔም ሳለ ዕብራይስጥ የሚያስተምረው ባራኒና የሚባል አይሁዳዊ ነበረው፤ ሰው እንዳያየው ፈርቶ በሌሊት እየመጣ ያስተምረው ነበር። ሄሮኒሞስ በዚህ ይነቀፍ ነበር፤ ቢሆንም የመምህሩን ስም በደብዳቤው ጻፈው። እንዲህ ያለውን እያነበብሁ ከ15 ዓመት በላይ ዝም ብዬ ኖርሁ። ማስተማሬን፣ ልጆች ማሳደጌን እንደ ምክንያት አቀርብ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. አንድ ወጣት ጎንደር ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ የጥንት ጽሑፍ የሚያጠና ልጅ ነው። ከሥራዬ የተገለበጡ ጥቂት ገጾች ይዟል። «መምህር፣ ይህን የዲልማንን ቃል አጣሁት» አለኝ። «ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። መዝገበ ቃላቱን አየሁ፤ ሰዋስው መጽሐፉንም አየሁ። ላቲኔ ደካማ ስለ ሆነ ሳላስተውለው ያለፍሁት መስሎኝ ከመጀመሪያው ደገምሁት።» ይቅርታ የሚጠይቀው እርሱ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ውሸት ብጨምርለት ያምነኝ ነበር። አፌ እስኪደርቅ ተቀመጥሁና እውነቱን ነገርሁት። ይቈጣል ብዬ ስጠብቅ ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «የኔታ በሕይወት አሉ?»

በማግስቱ በአውቶቡስ ዳባት ወረድንና በእግር ወጣን። የኔታ በዚያን ጊዜ ፈጽመው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉን ተናገርሁ። ከጨረስሁ በኋላ ጥቂት ዝም አሉና፣ «በላቲን እንዴት ነው የሚለው?» አሉ። ካለ መጽሐፍ አልሁላቸው። እንደገና በል አሉኝ፤ አልሁ። «ያምራል» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦

«የኔ ስም ባይጻፍ ምንም አልጐደለብኝ። ስንት ቅኔ አፈሰስሁ፤ ማን ስም ይጽፍበታል? እኔም ከመምህሬ ነው ያገኘሁት። አንተ ግን ይህን የሰው ልጅ ሦስት ሳምንት በሌለ መንገድ ሰደድኸው። ውኃ ያለበትን እያወቅህ ደረቅ ጕድጓድ አሳየኸው። እርሱ ጐበዝ ሆኖ አንተ ዘንድ መጣ፤ ሳይመጡ የቀሩት ስንት ናቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁን ወደ እርሳቸው አቅርበው እጁን ያዙት፤ የምታውቀውን አገባብ ንገረኝ እያሉ እስኪመሽ መረመሩት። የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ዓመት ባለፈ ቍጥር በክረምት እየተመለሰ ከጉባኤው ይቀመጥ ጀመር። ባሳተመው ሥራ ውስጥ ያ መንገድ ከማን እንደ ተገኘ፣ እርሳቸውም ከማን እንደ ሰሙት በትክክል ጽፎታል። እኔም ለቤተ መጻሕፍቱ የእርማት ደብዳቤ ጽፌ ከሥራዬ ጋር እንዲያያዝ ለምኛለሁ። በዚህ ጽሑፍ ለምን ስማቸውን አልጠራህም የሚለኝ ቢኖር እርሳቸው ስለ ከለከሉኝ ነው። «በልጁ ሥራ ጻፉኝ፤ የሚማር ሰው ይፈልገኝ ይሆናል። በአንተ ኃጢአት ታሪክ ውስጥ ግን አታስገባኝ» ብለው ሣቁ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቃላቸውን ግን አላፈርስም።

ያን ቀን ግን ገና ነው። አዳራችንን እዚያው አድርገን በጠዋት ወደ ዳባት ወረድን። አውቶቡሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ልጁ ደብተሩን አወጣ፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ የየኔታን ስም ሊጽፍ ሲል ብዕሩን አነሣ። በስማቸው ውስጥ አንዲት ሃ አለች። «መምህር፣ በየትኛው ሃ ነው የሚጽፉት?» አለኝ።

ከትርጉሙ ተነሥቼ በዚህ ይሆናል ልለው እችል ነበር። እርሳቸው እንዴት እንደሚጽፉት ግን አላውቅም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ ያበሉኝ፣ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ነበር። ዕቃችንን አወረድንና ያን ዳገት እንደገና ወጣነው።